ከ«ምናልባት» እስከ «ለካ»

ተማሪዎች፣ በልጅነታችሁ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ «እንቆቅልሽ» ስትባሉ «ምን አውቅልሽ» ብላችሁ መልሳችሁ ይሆናል። ጠያቂው እንቆቅልሹን ያቀርባል፤ ተጠያቂው አንድ ጊዜ ይገምታል፤ ሁለተኛም ይሞክራል፤ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገሩን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በዚህ ጨዋታ ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ተጠያቂው የተሳሳተ ግምት ቢሰጥም ስሕተቱ ወዲያው ስለሚታረም የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

ነገር ግን ጠያቂው መልሱን ለሰባት ሳምንታት ቢያቆየውስ? ተጠያቂዎቹም አንድ ወይም ሁለት ልጆች ሳይሆኑ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ቢሆኑስ? በዚያ ረጅም የጥበቃ ጊዜ ውስጥ ግምት ምን ይሆናል? እየታረመ ይሄዳል? ወይስ ማንም ሳያስተውለው የእውነትን ቦታ ይይዛል? በዚህ ምንባብ የምንመረምረው ይህንን ነው። ለምሳሌነትም በአሜሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበውን «ዋንዳቪዥን» የተባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እንወስዳለን። ድራማውን ያላየ ተማሪ አይቸገርም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ከዚህ በታች ተገልጿል።

1. ምሥጢሩ

«ዋንዳቪዥን» ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 (ጥር 7 ቀን 2013 ዓ.ም.) በአንድነት ቀረቡ። የቀሩት ሰባት ክፍሎች በየሳምንቱ ዓርብ ዓርብ አንድ አንድ እየሆኑ ታይተው ማርች 5 ቀን (የካቲት 26 ቀን) ተፈጸሙ። ድራማውን ያቀረበው ዲዝኒ ፕላስ የተባለው በኢንተርኔት አማካይነት ፊልም የሚያሳየው ድርጅት ነው። ደራሲዋ ጃክ ሼፈር፣ ዳይሬክተሩም ማት ሻክማን ናቸው።

ታሪኩ የተወሰደው ማርቭል በሚባለው ድርጅት ከሚታተሙት፣ ከሰው በላይ ኃይል ያላቸውን ጀግኖች ገድል በተከታታይ ሥዕል ከሚተርኩት መጽሔቶች ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ዋንዳ ማክሲሞፍ ትባላለች፤ በአስማት ኃይል ነገሮችን የመለወጥ ችሎታ አላት። የምትወደው ቪዥን ደግሞ ሰው ሠራሽ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ፊልም ላይ ቪዥን በዓይኗ ፊት ተገድሏል። ይሁን እንጂ «ዋንዳቪዥን» ሲጀምር ሁለቱ ባልና ሚስት ሆነው፣ ኒው ጀርሲ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ዌስትቪው በተባለች ትንሽ ከተማ ሲኖሩ ይታያሉ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ነገሩ ሁሉ በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይታይ የነበረውን የቤተሰብ አስቂኝ ድራማ ይመስላል፤ ሁለቱ በተናገሩ ቁጥር የተመልካች ሳቅ ይሰማል። በሚቀጥሉት ክፍሎች ዘመኑ ወደ 1960ዎቹ፣ ወደ 1970ዎቹ፣ ከዚያም ወደ ኋለኞቹ ዓመታት ይሸጋገራል።

እንግዲህ ምሥጢሩ ይህ ነው። የሞተው ቪዥን እንዴት በሕይወት ተገኘ? ይህች ከተማ ምንድን ናት? ይህን ሁሉ ከበስተጀርባ የሚያንቀሳቅሰውስ ማን ነው? ተመልካቾች ከአንዱ ዓርብ እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ እያንዳንዱን ምልክት ደጋግመው በማየት፣ የድሮዎቹን መጽሔቶች በማገላበጥና እርስ በርሳቸው በመከራከር መልስ ይፈልጉ ነበር።

2. ግምት በአማርኛ እንዴት ይነገራል?

ወደ ተመልካቾቹ ግምት ከመግባታችን በፊት አንድ የሰዋስው ነገር እንመልከት። ቋንቋችን ያወቅነውን ካላወቅነው ለይተን የምንናገርበት ልዩ ልዩ መንገድ አለው። በድራማው ውስጥ ዘወትር ወደ ዋንዳ ቤት የምትመጣ አግነስ የተባለች ጎረቤት አለች። ስለ እርሷ የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ተነግረዋል እንበል።

(ሀ) ይህች ሴት ማን ትሆን?
(ለ) ምናልባት አስማተኛ ልትሆን ትችላለች።
(ሐ) አስማተኛ ትመስላለች።
(መ) አስማተኛ ሳትሆን አትቀርም።
(ሠ) አስማተኛ መሆን አለባት።
(ረ) አስማተኛ ናት።
(ሰ) ለካ አስማተኛ ኖራለች!

ሰባቱም ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንዲት ሴት ይናገራሉ፤ ነገር ግን ተናጋሪው የቆመበት ቦታ በእያንዳንዱ ይለያያል። በ(ሀ) ተናጋሪው ይጠይቃል እንጂ ምንም አላለም። በ(ለ) ነገሩ የሚቻል መሆኑን ብቻ ገልጿል። በ(ሐ) ያየው ምልክት እንዳለ ያመለክታል። በ(መ) ምልክቶቹ በዝተውለት ወደ ማመኑ ተጠግቷል፤ ሆኖም መሳሳት እንደሚችል አልካደም። በ(ሠ) ከያዘው ማስረጃ ተነሥቶ ሌላ መደምደሚያ እንደማይታየው ተናግሯል። በ(ረ) ግን አረጋግጧል፤ ስለዚህ «በምን አወቅህ?» ብለን ልንጠይቀው እንችላለን።

በ(ሰ) የምናገኘው «ለካ» የተለየ ጠባይ አለው። ይህ ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ይኸውም አንደኛ እውነቱ መገለጡን፣ ሁለተኛ ተናጋሪው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አለማወቁን ነው። ስለሆነም «ለካ» ማለት የሚችለው አለማወቁን የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ገና ሳያረጋግጥ «ናት» ወይም «ነው» ያለ ሰው ግን እውነቱ ሲመጣ የሚቀበልበትን ቃል አስቀድሞ ጥሎታል።

3. አራት ግምቶች

አሁን ከተመልካቾቹ ግምት አራቱን ወስደን እንመርምር።

የመጀመሪያው ስለ ጎረቤቲቱ ስለ አግነስ የተሰጠው ግምት ነው። በመጽሔቶቹ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የምትታወቅ፣ በኋላም ለዋንዳ የአስማት መምህር የሆነች አጋታ ሃርክነስ የምትባል ሴት አለች። ብዙ ተመልካቾች አግነስ እርሷ ሳትሆን እንደማትቀር ገመቱ። ምክንያታቸው አንድ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ «አግነስ» የሚለው ስም ከ«አጋታ» መነሻና ከ«ሃርክነስ» መድረሻ የተገጠመ ይመስላል። ሁለተኛ ይህች ሴት ዋንዳ በተቸገረች ቁጥር የተጠራች ያህል ከደጃፍ ትደርሳለች። ሦስተኛ በአራተኛው ክፍል መርማሪዎች የከተማይቱን ነዋሪዎች እውነተኛ ማንነት ሲያጣሩ የእርሷ መታወቂያ አልተገኘም። አራተኛ በአምስተኛው ክፍል፣ ተዋናይ መሆኗን እንደምታውቅ ሁሉ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ትጀምረው እንደሆን ዋንዳን ትጠይቃታለች። ፌብሩዋሪ 19 ቀን በታየው በሰባተኛው ክፍል አግነስ በእርግጥም አጋታ ሃርክነስ መሆኗ ተገለጠ። ይህ ግምት ትክክል የሆነው በዕድል አይደለም፤ ልዩ ልዩ ምልክቶች ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ቦታ ስላመለከቱ ነው።

ሁለተኛው ስለ ንብ አርቢው ነው። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የንብ አርቢ ልብስ የለበሰ ሰው በሌሊት ከፍሳሽ ጉድጓድ ወጥቶ ይታያል። በማርቭል መጽሔቶች ልብሳቸው የንብ አርቢ የሚመስል ክፉ ማኅበርተኞች ስላሉ፣ አንዳንድ ተመልካቾች ሰውዬው ከእነርሱ አንዱ ይሆናል አሉ። መልሱ በአራተኛው ክፍል ሲመጣ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ከተማይቱን ከውጭ የከበበው መሥሪያ ቤት በፍሳሽ መተላለፊያ በኩል የላከው ሠራተኛ ነበር፤ የለበሰው የአደጋ መከላከያ ልብስ በዋንዳ አስማት ወደ ንብ አርቢ ልብስ ተለውጦበት ኖሯል። እዚህ ላይ ግምቱ ስሕተት ቢሆንም በ«ይሆናል» ደረጃ ስለቆየ ገማቾቹ በቀላሉ ተዉት።

ሦስተኛው ስለ ዋንዳ ወንድም ነው። የዋንዳ መንታ ወንድም ፒየትሮ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ፊልም ላይ ሞቷል። ነገር ግን በአምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ በሩ ሲከፈት «ፒየትሮ» ቆሞ ይታያል። የሚያስደንቀው ይህን ሰው ሆኖ የተጫወተው የ2015ቱ ተዋናይ ሳይሆን ኢቫን ፒተርስ መሆኑ ነው። ኢቫን ፒተርስ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ በሌላ ኩባንያ በተሠሩት «ኤክስ ሜን» በተባሉት ፊልሞች ይህንኑ ባለታሪክ ሆኖ ተጫውቷል። ስለዚህ ብዙዎች «ሁለቱ የፊልም ዓለማት ሊገናኙ ነው» ብለው ደመደሙ። ማስረጃው ጠንካራ ይመስል ነበር። በመጨረሻው ክፍል ግን ሰውዬው ራልፍ የሚባል፣ በአጋታ አስማት ተይዞ የታዘዘውን የሚያደርግ የከተማይቱ ነዋሪ መሆኑ ታወቀ።

አራተኛው ግምት ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ነው። ሜፊስቶ የተባለ ሰይጣን መሰል ባለታሪክ በማርቭል መጽሔቶች አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ የመጽሔት ታሪክ የዋንዳ መንታ ልጆች ከእርሱ ነፍስ የተቆረሱ ሆነው ተገኝተዋል። በድራማውም ዋንዳ መንታ ልጆች ወለደች፤ በሁለተኛውም ክፍል ስለ ሰይጣን የሚጠቅስ የቀልድ አነጋገር ተሰማ። ከዚህ በመነሣት «ከበስተጀርባ ያለው ሜፊስቶ ነው» የሚለው ነገር ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። አግነስ ዘወትር የምትጠራው፣ ነገር ግን በዓይን የማይታይ ራልፍ የሚባል ባል ነበራት፤ «ሜፊስቶ እርሱ ነው» ተባለ። አንድ ሳምንት ሳይመጣ ሲቀር «ተደብቆ ነው፤ በሚቀጥለው ዓርብ ይመጣል» ተባለ። ዘጠኙም ክፍሎች አለቁ፤ ሜፊስቶ አልመጣም። የራልፍንም ማንነት ከዚህ በላይ አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜፊስቶ «አይረንሃርት» በተባለ ሌላ ድራማ ላይ መቅረቡ እውነት ነው፤ ይህ ግን በ2021 የተባለውን ትክክል አያደርገውም። ዝናም ዛሬ ይዘንባል ያለ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ስለዘነበ «ብዬ ነበር» ሊል አይችልም።

4. ግሡ የተንሸራተተበት ቦታ

በአንደኛውና በአራተኛው ግምት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ከመጽሔቶቹ ተነሥተዋል፤ ሁለቱም ምልክት ጠቅሰዋል። ልዩነቱን ለማግኘት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ይህ ግምት ስሕተት ቢሆን ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር?»

አግነስን በሚመለከት መልሱ ግልጽ ነው። መታወቂያዋ ተገኝቶ ተራ ነዋሪ መሆኗ ቢረጋገጥ ግምቱ ይወድቅ ነበር። የሜፊስቶ ግምት ግን በምንም አይወድቅም። ምልክት ሲገኝ «ይኸው» ይባላል፤ ምልክት ሲጠፋ «ተደብቆ ነው» ይባላል። መምጣቱም መቅረቱም ማስረጃ ከሆነ ማስረጃ የሚባል ነገር አልቀረም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግምት ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይወድቀው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን መሬት ስላልነካ ነው።

ይህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። ግምቱ በ«ማን ይሆን?» ተጀመረ፤ «ሳይሆን አይቀርም» ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በየሰዉ አፍ ሲመላለስ አዲስ ማስረጃ ሳይጨመርበት ወደ «ነው» ተንሸራተተ። ግሡ ተለወጠ፤ ማስረጃው ግን ባለበት ቆሞ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። «ከበስተጀርባ ያለው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጃንዋሪ 29 ቀን በታየው በአራተኛው ክፍል ተነግሮ ነበር። ከከተማይቱ ውስጥ በአስማት ተወርውራ የወጣችው ሞኒካ ራምቦ፣ ይህን ሁሉ የምታደርገው ራሷ ዋንዳ እንደሆነች በግልጽ ቃል ተናግራለች። ሌላ ስውር ክፉ የሚጠብቁት ተመልካቾች ግን ይህን ቃል ሰምተው አልተቀበሉትም።

ስምንተኛው ክፍል እውነቱን ሙሉ በሙሉ አሳየ። ዋንዳ በልጅነቷ ወላጆቿን በጦርነት አጥታለች፤ ቀጥሎም ወንድሟን፣ በመጨረሻም ቪዥንን አጣች። ቪዥን አብረው ሊያረጁበት አስቦ በዌስትቪው ቦታ ገዝቶ ኖሯል። ዋንዳ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆማ ስታለቅስ ኀዘኗ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ፈነዳ፤ ቤቱ፣ ባሏና አዲሲቱ ከተማ የተፈጠሩት ከዚያ ነው። የቴሌቪዥኑ አስቂኝ ድራማም በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ታየው የነበረ፣ የደስታ ዘመኗ መታሰቢያ ነው። የከተማይቱ ነዋሪዎች ደግሞ ከፈቃዳቸው ውጭ በእርሷ ሕልም ውስጥ ታስረው፣ የእርሷን ኀዘን በራሳቸው ላይ እየተሸከሙ ይሠቃዩ ነበር። አጋታ ተንኮለኛ ብትሆንም ከተማይቱን የፈጠረችው እርሷ አይደለችም። በመጨረሻም ዋንዳ ነዋሪዎቹን ለመልቀቅ ስትወስን ባሏንና ልጆቿን ዳግመኛ ማጣት ነበረባት።

እንግዲህ የድራማው ታላቅ ጥያቄ «ሰይጣኑ የት ተደበቀ?» የሚል አልነበረም። «መልካም የምንላት ሴት በኀዘኗ ምክንያት ሌሎችን ስትጎዳ ምን እንላለን?» የሚል ነበር። ሰይጣን መፈለግ ከዚህ ጥያቄ ይቀላል፤ ጥፋቱን ሁሉ ለእርሱ ሰጥቶ ይገላግላልና። የጸና ግምት ያለው ሰው የጠበቀውን ብቻ ሲፈልግ ከፊቱ የቆመውን ሳያይ ይቀራል።

5. መገመት ጥፋት ነውን?

ከዚህ ተነሥታችሁ መገመት መጥፎ ነው እንዳትሉ። ተመልካቾቹ ባይገምቱ ኖሮ የአግነስን ስም አይመረምሩም፤ የጠፋውንም መታወቂያ ልብ አይሉም ነበር። ሐኪም የበሽተኛውን ሁኔታ አይቶ በመጀመሪያ ይገምታል፤ ከዚያ ደሙን ያስመረምራል። የሳይንስ ሊቅም መላምት ካላቀረበ የሚፈትነው ነገር አያገኝም። ግምት የእውቀት በር ነው። ጥፋቱ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቱ ውስጥ ገብቻለሁ» ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ድራማ ተመልካቾችን ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ገንዘብ ጠፋ እንበል። ጠዋት «ማን ወስዶት ይሆን?» ይባላል። ረፋድ ላይ አንዱ «አዲሱ ተከራይ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ማታ ላይ ነገሩ በአምስት ሰዎች አፍ አልፎ «የወሰደው ተከራዩ ነው» ይሆናል። ተከራዩ ዝም ቢል «አፍሮ ነው»፣ ቢቆጣ «ተነቅቶበት ነው» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡ ከአልጋ ሥር ይገኝና ባለቤቱ «ለካ እዚሁ ኖሯል!» ይላል። ገንዘቡ ተመለሰ፤ የተከራዩን ስም ግን ማን ይመልስለታል? አባቶች «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ስለዚህ ነው። ጎፈሬ ግዳይ የጣለ ጀግና ምልክት ነበርና፣ ሳይገድሉ ማጎፈር ያልሠሩትን ሥራ እንደ ሠሩ ማስመሰል ነው። ሳያጣሩ «ነው» ማለትም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በምትጽፉበትም ሆነ በምትናገሩበት ጊዜ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች አስታውሱ። አንደኛ፣ ግሣችሁ ከማስረጃችሁ አይብለጥ፤ የያዛችሁት ምልክት «ይመስላል» ለማለት ብቻ የሚበቃ ከሆነ «ነው» አትበሉ። ሁለተኛ፣ ግምታችሁን በምታቀርቡበት ጊዜ ምን ቢገኝ እንደምትተዉት ራሳችሁን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ እውነቱ ከግምታችሁ ተለይቶ ሲገኝ «ለካ» ለማለት አትፈሩ። «ለካ» የተሸናፊ ቃል አይደለም፤ በእንቆቅልሽ ጨዋታ አገሩን ሰጥቶ መልሱን እንደሚሰማው ልጅ፣ አንድ ነገር አጥቶ የበለጠ ነገር ያገኘ ሰው ቃል ነው።

መልመጃ

1. «የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዛሬ አልመጣም፤ ታሟል» የሚለውን አረፍተ ነገር፣ ተናጋሪው ሰውዬው መቅረቱን ብቻ ያወቀ እንደሆነ፣ በሦስት ልዩ ልዩ የግምት አገላለጽ ለውጣችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ የተናጋሪው የእርግጠኝነት መጠን እንዴት እንደሚለያይ አስረዱ።
2. ስለ ፒየትሮ የተሰጠው ግምትና ስለ አግነስ የተሰጠው ግምት ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። አንዱ ትክክል ሆኖ ሌላው የተሳሳተበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
3. «ለካ» በሚለው ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ። በእያንዳንዱ ተናጋሪው አስቀድሞ ምን ይገምት እንደነበረ በቅንፍ አመልክቱ።
4. በሰፈራችሁ ወይም በክፍላችሁ ከግምት ተነሥቶ እንደ እውነት የተወራና በኋላ ስሕተት ሆኖ የተገኘ አንድ ነገር አስታውሱ። የሰው ስም ሳትጠቅሱ፣ ግሡ ከ«ይሆናል» ወደ «ነው» የተለወጠበትን ጊዜ እያሳያችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።